የሸክላ ፊቶቹና የተጣለው ጋዜጣ

እኛ ቤት ወረቀት በተጣለበት ቀን ከቤት አይወጣም። የዳቦ መጠቅለያ ይሁን የመድኃኒት ካርቶን፣ የልጅ ልጄ አበላሽታ የጣለችው የቤት ሥራ ይሁን የመብራት ደረሰኝ፣ በረንዳው ጥግ ያስቀመጥኩት ማዳበሪያ ውስጥ ገብቶ ሰባት ቀን ይተኛል። በሰባተኛው ቀን አንድ በአንድ አገላብጬ ካየሁት በኋላ ነው የጽዳት ማኅበሩ ሴቶች የሚወስዱት። ባለቤቴ ዘነበች መጀመሪያ ሣቀች፣ ቀጥላ ተቆጣች። አሁን ደግሞ ለኮንዶሚኒየሙ ጎረቤቶች፣ "ጡረታ ወጣ ይሉኛል፤ መሥሪያ ቤቱ እንዳለ እኛ ቤት ገብቶ የለም እንዴ?" እያለች ታማኛለች። እውነቷን ነው። የማዳበሪያውን ምክንያት ለእሷ ነግሬያታለሁ፤ እዚህ ደግሞ ልጻፈው።

ሠላሳ አራት ዓመት የሠራሁት ከአሮጌ ወረቀት ጋር ነው። ስጠግን፣ ስመዘግብ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ ፎቶ እያነሣሁ ኮምፒውተር ውስጥ ሳስገባ ኖርኩ። ለሰው "መዛግብት ክፍል ነው የምሠራው" ስል ግማሹ የጠፋበትን የቤት ካርታ እንድፈልግለት ይለምነኛል፤ ግማሹ ደግሞ አዝኖልኝ "አይዞህ፣ አንድ ቀን ትዛወራለህ" ይለኛል። ደመወዙ ይሄን ያህል የሚወራለት ባይሆንም መዛወር ፈልጌ አላውቅም። የያዘኝ ሥራው ብቻ አልነበረም፤ ሥራውን ያስተማሩኝ ሰውም ናቸው።

ጋሽ ዘውዴ ይባሉ ነበር። ምድር ቤት ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ መስኮት ባለችው ክፍል፣ ሰማያዊ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይሠሩ ነበር። በተቀጠርኩ ዕለት እጄን አስታጥበው አንድ ቢጫ የሆነ ደብዳቤ አፍንጫዬ ሥር አመጡ።

"አሽትት" አሉኝ።

አሸተትኩ። "ሻጋታ ይሸታል።"

"ሻጋታማ ሁሉም ይሸታል። የት እንደኖረ ንገረኝ እንጂ።"

ከየት አውቄ? እሳቸው ግን ከሽታው ብቻ ደብዳቤው ጭስ ያለበት ኩሽና አጠገብ ብዙ ዓመት እንደተቀመጠ ነገሩኝ። ፎክረው እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ቀላል ነገር ነው የነገሩኝ። ከዓመት በኋላ እኔም ጭስ የጠጣውን ወረቀትና ዝናብ የገባበትን ዓይኔን ጨፍኜ መለየት ቻልኩ።

እስክሪብቶ ወደ ጠረጴዛቸው አያስጠጉም፤ እርሳስ ብቻ ነው። ገጽ ለመግለጥ ጣቱን በምራቁ ያረጠበ ሰው ከክፍሉ ይባረራል፣ ኃላፊም ቢሆን። እርጥበት ያጣበቃቸውን ገጾች የሚለያዩት ራሳቸው በጠረቧት የቀርከሃ ቢላ ነበር። እንደ ቅጠል የሳሳች ነበረች። "አትግፋው፤ ወረቀቱ ሲለቅህ ትገባለህ" ይሉኛል። ከጠረጴዛቸው ሥር ደግሞ አንዲት ማዳበሪያ ነበረች። ከሥራ የተረፈው ቅዳጅ፣ መጠቅለያና ክር ሁሉ እዚያ ይገባና ሳምንት ይቆያል።

"ቆሻሻ መሆኑን ዛሬ አታውቅም" ይሉ ነበር። "የዛሬ ሳምንት ጠይቀኝ።"

አንድ ጊዜ አንዲት እናት ለፍርድ ቤት ከፈለጉት ሰነድ ላይ ማኅተም ያረፈበት ቁራሽ ጠፋና መሥሪያ ቤቱ ተሸበረ። ጋሽ ዘውዴ ማዳበሪያዋን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፏት። ቁራሹ ከተጣለ አምስት ቀን ሆኖት ነበር፤ ከአንድ አሮጌ ፖስታ ጀርባ ተለጥፎ ተገኘ። ከዚያ ሻይ አዘዙ። ሴትዮዋ እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ ግን ደንግጠው ወንበራቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሸሹ።

መሐል ላይ ሦስት ዓመት ደሴ ሠርቻለሁ፤ እዚያ ጠላቶቼ አይጥና የሚያፈስ ጣሪያ ነበሩ። ስመለስ ጋሽ ዘውዴ ጡረታቸው ደርሷል። የተሸኙ ዕለት የቀርከሃዋን ቢላ በመሐረብ ጠቅልለው ሰጡኝና "ማዳበሪያዋም ያንተ ናት" አሉኝ። ቢላዋ እስከ ዛሬ አለች። ማዳበሪያዋ ግን ብዙ አልቆየችም። አዲሱ ኃላፊያችን ንጽሕና የሚወድ፣ መደርደሪያ ላይ ጣቱን አስሄዶ አቧራ የሚፈልግ ሰው ነበር። ጠረጴዛ ሥር ማዳበሪያ ሲያይ ፊቱ ተቀየረ። እኔም የክፍል ኃላፊነት ሊሰጠኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበርና አልተከራከርኩም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ምንም ስላልጠፋብኝ፣ ጋሽ ዘውዴ አብዝተውት ነበር ብዬ ደመደምኩ። እሳቸው ያን ጊዜ አርፈው ነበር፤ የሚመልስልኝ ሰው አልነበረም።

የቀራጺው የአቶ ደምሰው ሥራ የመጣው ጡረታዬ ጥቂት ወራት ሲቀረው ነው። አቶ ደምሰው ከሞቱ ቆይተዋል። ቤታቸው ጌጃ ሰፈር፣ ከብረት በያጆቹ ጀርባ፣ በቆርቆሮ የተሠራ የሥራ ክፍል ያለው ግቢ ነው። ሰፈሩ ሊነሣ ስለሆነ አንድ ልጃቸው ወይዘሮ ውብዓለም፣ ቤቱ ሳይፈርስ የአባታቸው ንብረት ፎቶ ተነሥቶና ተመዝግቦ ወደ እኛ ማከማቻ እንዲገባ ጠየቁ። ሜክሲኮ አካባቢ ኮሌጅ ውስጥ የሚያስተምሩ፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። እኔና አሥር ዓመት አብሮኝ የሠራው ፎቶ አንሺ ጀማል ካሜራውን፣ መብራቱንና ስካነሩን ተሸክመን ገባን።

እንዲህ ያለ ሀብት አይቼ አላውቅም። አቶ ደምሰው ንድፍ የሚሥሉት የሲሚንቶ ከረጢት ገልብጠው ነበር፤ አንዳንዱ ላይ አሁንም ሲሚንቶው ይራገፋል። ደብዳቤዎች፣ ፎቶዎች፣ የብረት መሣሪያዎች፣ ደግሞም ዝናብ ገብቶበት እንደ ጡብ የደረቀ አንድ ወፍራም ደብተር ነበረ። ግድግዳው ላይ ባለው መደርደሪያ በጋዜጣ ተጠቅልለውና በቃጫ ታስረው የተቀመጡ ሠላሳ አንድ ጥቅሎች ነበሩ። አቶ ደምሰው በወጣትነታቸው የጎረቤቶቻቸውን ፊት በሸክላ ይሠሩ ነበር፤ የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ፣ ልብስ ሰፊውን፣ የዳቦ ቤቷን ሴት። ጥቅሎቹ እነዚያ ፊቶች ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን ወይዘሮ ውብዓለም ወደ መደርደሪያው እያሳዩ "ሌላውን ሁሉ እንደሚያውቁት ያድርጉት። እነዚህ ግን ሳይከፈቱ ይጥሩኝ" አሉኝ።

"እሺ" አልኩ። ቤተሰብ ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ይላል። ማስታወሻዬ ላይ እንኳ አልጻፍኩትም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ የልደታ ዕለት ጠዋት፣ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። በቆርቆሮው ክፍተት የሚገባው ብርሃን ለጀማል ካሜራ የተመቸ ነበር። ጋዜጣ ደግሞ ለእኛ ሙያ ጠላት ነው፤ እርጥበት ይጠጣል፣ አሲድ አለው፣ የነካውን ሁሉ ያበላሻል። ስለዚህ ሙያዬ የሚለውን አደረግኩ። ሠላሳ አንዱንም ፈታሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ አቧራቸውን አራገፍኩ፣ አንድም ሳይሰበርብኝ ነጭ ወረቀት ላይ ደረደርኳቸው። ጋዜጣውን ጭምድድ አድርጌ ከረጢት ውስጥ ጠቀጠቅኩት። የጽዳት ማኅበሩ ሴቶች በር ላይ ሲጣሩ እኔው በገዛ እጄ አቀበልኳቸው። ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር።

ወይዘሮ ውብዓለም ነጠላቸውን ሳያወልቁ በሩ ላይ ቆሙ።

"ከፈታችኋቸው?"

"አንዱም አልተሰበረም፤ እንኳን ደስ አለዎት" አልኩ፣ እኔ ሞኙ።

ጠረጴዛውን እንዳያዩ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዞሩ። "ወረቀቶቹስ?"

"ጋዜጣ እኮ ነው። አስወገድነው።"

"ስማቸው ያለው እዚያ ላይ ነው። በውስጥ በኩል፣ በእርሳስ።"

ደረጃው ላይ ተቀመጡና ቀስ ብለው ነገሩኝ። እናታቸው ተዋበች የሞተችው እሳቸው የስምንት ወር ሕፃን ሳሉ ነው። አንድም ፎቶ የላትም። ዘመድ የሚባል አልቀረም። አባታቸው ግን "እናትሽ እዚያ መደርደሪያ ላይ አለች። ስሟን ወረቀቷ ላይ ጽፌዋለሁ። እኔ ልፈታት አልችልም፤ አንቺ ትፈቻታለሽ" ይሏቸው ነበር። አባታቸው ሲሞቱ እሳቸውም ደፍረው አልነኩትም፤ ሸክላው እጃቸው ላይ ይፈርሳል ብለው ፈሩ።

"ባለሙያ እስኪመጣ ልጠብቅ ብዬ ነው" አሉኝ። "ባለሙያው እርስዎ ነዎት።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ክራባቴን እንዳሰርኩ ወደ ቆሻሻ ገንዳው ሮጥኩ። ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ ጓንቷን እያወለቀች "አባቴ፣ ምን ጠፋዎት? ወርቅ ነው?" አለችኝ።

"ጋዜጣ።"

መጀመሪያ ሊስቁ ነበር፤ ፊቴን ሲያዩ ግን ተዉት። ሁለቱ አብረውኝ ገንዳውን ፈተሹ። መኪናው መጥቶ የጠዋቱን ሁሉ ጭኖ ሄዷል። ሲመሽ እጅጌዬ እስከ ክርኔ ቆሽሾ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ጀማል ሊያጽናናኝ "ጋሼ፣ እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ" አለኝ። እሱ ግን "ሳይከፈቱ ይጥሩኝ" የተባለው ሰው አልነበረም።

ከሠላሳ አንዱ ፊቶች አሥራ ሁለቱ የሴት ናቸው። እስቲ ይዩዋቸው፣ ምናልባት ልብዎ ይነግርዎታል ብላቸው ወይዘሮ ውብዓለም እምቢ አሉ። "ሁሉንም እናቴ እያደረግኩ ከማይ አንዷንም ባላይ ይሻለኛል" አሉኝ። ፊቶቹን ጨርቅ አለበስናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሥራ ክፍሉ አልገቡም።

ጀማል ያነሣቸውን ፎቶዎች ይዤ በሰፈሩ ለቀሩት ሽማግሌዎች አሳየሁ። አንዱ አዛውንት አንዷን "የዳቦ ቤቷ ብሪቱ ናት" ብለው ሲምሉ፣ ባለቤታቸው ከጓዳ ወጥተው "ብሪቱ የት አባቷ እንዲህ ያለ አፍንጫ አገኘች!" ብለው ጠብ አነሡ። ተዋበችን ያወቀ ሰው አላገኘሁም። ማታ ማታ እንቅልፍ አጣሁ። ዘነበችም ያን ሰሞን አልቀለደችብኝም።

የቀረኝ ያ የደረቀ ደብተር ብቻ ነበር። የጋሽ ዘውዴን ቀርከሃ አወጣሁ። ደብተሩን በእርጥብ ጨርቅ አጠገብ አስቀምጬ እርጥበቱን ብቻ እያስነካሁት፣ ጠርዙን በቢላዋ ጫፍ እየዳሰስኩ፣ ገጹ ሲለቀኝ እየገባሁ አሥራ አንድ ቀን ፈጀሁ። አንድ ጊዜ ቸኮልኩና የአንድ ገጽ ጥግ ተቀደደብኝ፤ "አትግፋው" የሚል ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። እያንዳንዱ ገጽ እንደተላቀቀ ጀማል ፎቶ ያነሣዋል። ከመሐሉ ላይ ስሞች መጡ።

አቶ ደምሰው የሰው ፊት ከመሥራታቸው በፊት ይለኩ ነበር። እግሮቹ ወደ ውስጥ በታጠፉ የብረት ኮምፓስ ከግንባር እስከ አገጭ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ የአፍንጫውን ርዝመት እየለኩ፣ በየስሙ ሥር ቁጥሩን ጽፈዋል። ኮምፓሱም እዚያው መሣሪያዎቹ መካከል ተሰቅሏል። ሠላሳ አንድ ስም ቆጠርን። ፊቶቹን መልሰን ብንለካ ቁጥሩ ስሙን ይነግረናል! ጀማል ተነሥቶ አጨበጨበ። እኔ የተዋበችን ገጽ ስፈልግ ነበር። አገኘሁት። ቁጥር የለውም። እንዲህ ይላል፦

"ተዋበች። አልለካኋትም። እጄ ያውቃታል።"

ጀማል ወንበሩ ላይ ተመለሰ። "ጋሼ፣ በቃ። የምንፈልጋት እሷ ብቻ ያለ ልክ ቀረች።"

እኔም እንደዚያ አስቤ ብዙ ተከዝኩ። ሻዬ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የገባኝ። የሠላሳውን ስም ካገኘን የቀረችው እሷ ናት።

በማግስቱ መለካት ጀመርን። አንድም ቁጥር አልገጠመም። ሁሉም ፊት ደብተሩ ውስጥ ካለው ልክ ያንሳል። ደግመን ለካን፣ ኮምፓሱን ጠረጠርን፣ እርስ በርስ ተነጫነጭን። እኔ የወረቀት ሰው ነኝ፤ ሸክላ ምን እንደሆነ አላውቅም። በዚያው ሳምንት ዘነበች ድስት ግዛ ብላ ላከችኝና ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ሸክላ የሚሸጡት እማማ ብርነሽ ዘንድ ሄድኩ። ኮምፓሱ ኪሴ ውስጥ ስለነበር ሳላስበው አውጥቼ ድስቱን መለካት ጀመርኩ።

"ምነው ልጄ፣ ድስትም በልክ ሆነ እንዴ?" አሉኝ።

አፍሬ ነገሩን አጫወትኳቸው። እማማ ብርነሽ ሣቁብኝ። "ጭቃ ውሃውን ሲለቅ ያንሳል፣ እሳት ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ይሄ ድስት ስሠራው ይህን ያክል ነበር" ብለው ሁለት እጃቸውን ሰፋ አድርገው አሳዩኝ። "የእኔን ጭቃ ስለማውቀው አስቀድሜ አስፍቼ ነው የምሠራው። የእሱንስ ጭቃ ምን ያህል እንደሚያንስ አታውቅም?"

አላውቅም። ግን የማውቅበት መንገድ ነበረኝ። ደብተሩ ውስጥ ከስሞቹ አንዱ "እኔ" ይላል። አቶ ደምሰው የራሳቸውንም ፊት ሠርተዋል፤ እሳቸውን ደግሞ ከፎቶ እናውቃቸዋለን። ድስቱን ለዘነበች ሳላደርስ ይዤው ጌጃ ሰፈር ተመለስኩ። የአቶ ደምሰውን ፊት ለካን፣ ከደብተሩ ጋር አስተያየን። ከአሥር እጅ አንዱ ቀንሷል። ያንን ለሁሉም ስናስብ ቁጥሮቹ መግጠም ጀመሩ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ተገኘ። ልብስ ሰፊው ተገኘ። ብሪቱም ተገኘች፤ ለካ የአዛውንቱ ባለቤት ልክ ነበሩ፣ ያቺ ብሪቱ አልነበረችም። አምታተው ያስቸገሩን ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ አንደኛው ጆሮው ላይ ጠባሳ እንዳለው ደብተሩ ይላልና እነሱንም በዚያ ለየናቸው።

ሠላሳው ስም ከሠላሳው ፊት ጋር ሲገናኝ ጠረጴዛው ላይ አንድ ፊት ቀረ። ወጣት ሴት ናት፤ ከንፈሯ ልትናገር ያሰበች ይመስላል። ጎንበስ ብዬ ሳያት አንድ ነገር ገባኝ። በሌሎቹ ግንባርና አገጭ ላይ ጭቃው እርጥብ ሳለ የኮምፓሱ ጫፍ የነካቸው ትናንሽ ነጥቦች አሉ። እሷ ላይ አንድም የለም፤ ጉንጯ ላይ ያለው የጣት አሻራ ብቻ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ማየት የሚገባው ሰው እኔ ነበርኩ። ቆሜ አለቀስኩ፤ ጀማልም አየኝ፣ አላፈርኩም።

ከዚያ በሙያዬ የማይፈቀደውን አደረግኩ። ሜክሲኮ ወርጄ የዕለቱን ጋዜጣ ገዛሁ። በአንዱ ገጽ ውስጠኛ በኩል ስሟን በእርሳስ ጻፍኩ። ፊቷን በዚያ ጠቀለልኩ፣ በቃጫ አሰርኩ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ብቻዋን አስቀመጥኳት። ከዚያ ስልክ ደወልኩ።

"ወይዘሮ ውብዓለም፣ ሊከፈት ነው።"

"መጣሁ" አሉኝ።

እጃቸው ቃጫው ላይ ሲያርፍ እኔና ጀማል ወደ ግቢው ወጣን። ከበያጆቹ መፍጫ ጩኸት በቀር የሚሰማ የለም። ከቆይታ በኋላ ጠሩኝ። ጥቅሉ ተፈቷል። አንድ እጃቸው የሸክላዋ ፊት ጆሮ ላይ፣ ሌላው የራሳቸው ጆሮ ላይ ነበር።

"የእኔን ይመስላል አይደል?" አሉ እያለቀሱ።

"ቁርጥ የእርስዎን ነው" አልኩ።

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። "ዛሬስ ጠሩኝ" አሉኝ።

እጄ ልማዱ ነውና ጠረጴዛው ላይ ወደ ወደቀው ጋዜጣ ሄደ። እሳቸው ቀደሙኝና በመዳፋቸው ያዙት።

"ይሄ አይጣልም።"

"አይጣልም" አልኩ።

እጥፋቱን በእጄ አቃናሁ። ጀማል ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አነሣው። ቁጥር ሰጥቼ መዝገብ ላይ አሰፈርኩት። ከወር በኋላ ጡረታ ወጣሁ፤ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ በእጄ የመዘገብኩት የመጨረሻው ዕቃ ያ ነው። አንድ ገጽ ጋዜጣ ሆኖ፣ በውስጥ በኩል፣ በእርሳስ፣ "ተዋበች" ይላል።